ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ፦ «አሮጌ ገጽ ከመጣባችሁ ሁሉንም አጥፉ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የሰሜን ሸዋ ተማሪዎችና የኢንተርኔት ቤት ሠራተኞች በሚገናኙባቸው የቴሌግራም ግሩፖች አንድ ጽሑፍ እየዞረ ነው። ርዕሱ «አሮጌ ገጽ ከመጣባችሁ ሁሉንም አጥፉ» ይላል። ውጤት፣ ምደባ ወይም የምዝገባ ማስታወቂያ የሚጠብቅ ሰው ድረ ገጹን ከፍቶ የትናንቱን ሲያይ ምን ማድረግ እንዳለበት ይመክራል። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ደርሷል፤ ከሸዋ ሮቢት በኩልም «ሠርቶልኛል» የሚሉ አስተያየቶች ተከትለውታል። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ የጸሐፊው ቅንነትም አያጠራጥርም። ምክሩ ግን ከሚሠራበት የማይሠራበት ይበልጣል፤ ሲሠራም ከሚገባው በላይ ያስከፍላል።

የሚለውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ሪፍሬሽ (ገጹን እንደገና ማስጫን) ሁልጊዜ ያንኑ የተቀመጠውን ገጽ ስለሚመልስ ዋጋ የለውም፤ ከሞከራችሁም እስኪለወጥ ድረስ ኤፍ5ን፣ የኪቦርዱን የሪፍሬሽ ቁልፍ፣ ሳታቋርጡ ተጫኑ። ሁለተኛ፣ አስተማማኙ መፍትሔ የብራውዘሩን ታሪክ፣ ኩኪና ካሽ ጠራርጎ ማጥፋት ነው፤ በየሳምንቱ ቢደረግ ችግሩ ጭራሽ አይመጣም። ሦስተኛ፣ ኢንኮግኒቶ፣ ማለትም ታሪክ የማያስቀምጠው የብራውዘሩ የግል መስኮት፣ ምንጊዜም አዲሱን ያሳያል። አራተኛ፣ አሮጌውን ገጽ የሚይዝብን የኔትወርክ አቅራቢው ስለሆነ ቪፒኤን (ግንኙነታችንን በሌላ ቦታ በኩል የሚያዞር አገልግሎት) መክፈት ወይም ዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ ቁጥር የሚተረጉም አገልግሎት) መቀየር ያስፈልጋል። አምስተኛ፣ በአድራሻው መጨረሻ የጥያቄ ምልክትና ቁጥር መጨመር የትኛውንም ገጽ ያድሳል። ስድስተኛው ለድረ ገጽ ባለቤቶች ነው፦ በገጹ ኮድ መጀመሪያ ላይ «ኖ-ካሽ» የምትል አንዲት የሜታ መስመር (ለብራውዘሩ የተጻፈች፣ ለአንባቢ የማትታይ) ቢያስገቡ ብራውዘሮች ምንም ስለማያስቀምጡ ነገሩ ያበቃል።

ስድስቱንም የሚያገናኝ አንድ ስሕተት አለ። ጸሐፊው አሮጌው ቅጂ የት እንዳለ ሳይጠይቁ መጥረጊያ ያነሣሉ። አሮጌ ገጽ ግን ከተለያየ ቦታ ነው የሚመጣው። ክፍት ሆኖ የቆየው ታብ ራሱ ይዞት ሊሆን ይችላል። ከብራውዘሩ ካሽ ሊወጣ ይችላል፤ ካሽ ስል ጥሬ ብሩን ሳይሆን ብራውዘሩ አንዴ ያወረደውን የሚያኖርበትን ጎተራ ማለቴ ነው። ድረ ገጹ በስልካችን ላይ የሚያስቀምጠው «ሰርቪስ ወርከር» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ሊያቀርበው ይችላል። በመንገድ ላይ ያለ አማካይ ሰርቨር ሊይዘው ይችላል፤ ሰርቨር ማለት ገጾችን ይዞ ለጠየቀው የሚልክ ኮምፒውተር ነው። ወይም ምንጩ ራሱ ገና አልተለወጠም። ቁልፋቸው የተለያየ ነው፤ የአንዱ ቁልፍ የሌላውን በር አይከፍትም።

«ሪፍሬሽ ዋጋ የለውም» ከሚለው ልጀምር። ሊንክ ነክታችሁ ገጽ ስትከፍቱ ብራውዘሩ መጀመሪያ ጎተራውን ያያል፤ ያስቀመጠው ቅጂ ጊዜው ካላለፈበት ሰርቨሩን ሳይጠይቅ ያንኑ ያቀርባል። ሪፍሬሽ ስታደርጉ ግን ለዋናው ገጽ ሰርቨሩን «እኔ ዘንድ ያለው ይህ ነው፤ ተለውጧል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚጠይቀውም ሰርቨሩ ቀድሞ በሰጠው «ኢታግ» በሚባል መለያ፣ ወይም ገጹ ለመጨረሻ ጊዜ በተለወጠበት ቀን ነው። ካልተለወጠ ሰርቨሩ 304 የሚል፣ ገጹን ያልያዘ አጭር መልስ ይሰጣል። ከተለወጠ ደግሞ በ200 አዲሱን ገጽ ይልካል። ስለዚህ ተራው ሪፍሬሽ ለአብዛኛው ሰው፣ በአብዛኛው ቀን፣ ይበቃል። 304 ሲመጣም ሙሉ ገጹ እንደገና ስለማይወርድ የሚበላው ዳታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ጸሐፊው ግማሽ እውነት የያዙት ከዚህ ቀጥሎ ነው። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ይፋ ባደረገው ለውጥ፣ ተራ ሪፍሬሽ ሰርቨሩን የሚጠይቀው ስለ ዋናው ገጽ ብቻ ሆኗል። በገጹ ላይ ያሉት ሥዕሎች፣ የመልክ ፋይሎችና ስክሪፕቶች ጊዜያቸው ካላለፈ ሳይጠየቅ ከጎተራ ይወጣሉ። ጽሑፉ አዲስ ሆኖ ሥዕሉ የዓምና የሚሆነው፣ ወይም ሠንጠረዡ የተበታተነ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን የሚፈታው ጠንካራው ሪፍሬሽ ነው። ዊንዶውስና ሊኑክስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና አር አንድ ላይ፣ ወይም ኮንትሮልና ኤፍ5፤ ክሮምም ኤጅም ፋየርፎክስም ይቀበሉታል። ላፕቶፑ ላይ ኤፍ5 ድምፅ ወይም የስክሪን ብርሃን የሚቀይር ከሆነ «ኤፍኤን» የተጻፈባትን ቁልፍ ጨምሩበት። ማክ ላይ ለክሮምና ለፋየርፎክስ ኮማንድ፣ ሺፍትና አር፤ ለሳፋሪ ኮማንድ፣ ኦፕሽንና አር። ኪቦርዱ ላይ አር አልሠራ ካለ፣ ያረጁ ኪቦርዶች ላይ ያጋጥማል፣ ሺፍትን ይዞ ክቧን የሪፍሬሽ ቀስት በማውስ መጫን ያው ነው።

ጠንካራው ሪፍሬሽም ድንበር አለው። ከገጹ ጋር አብረው የሚመጡትን ፋይሎች ሁሉ አዲስ ያስመጣል እንጂ ገጹ ተከፍቶ ካለቀ በኋላ ስክሪፕት የሚጠራቸውን አይነካም። እነዚያ እንደገና ከጎተራ ሊወጡ ይችላሉ። ለዚህ ክሮም ላይ ኤፍ12 ተጭናችሁ የዲቨሎፐር መስኮቱን ክፈቱ፤ መስኮቱ እንደተከፈተ የሪፍሬሽ ቀስቷን በቀኝ ክሊክ ንኩ። ሦስት ምርጫዎች ይመጣሉ፤ ሦስተኛው «ኤምፕቲ ካሽ ኤንድ ሃርድ ሪሎድ» ነው። የዲቨሎፐር መስኮቱ ካልተከፈተ ምርጫዎቹ አይታዩም፤ «እኔ ጋ የለም» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የረሳው ይህን ነው። ይህ ምርጫ የዚያን ገጽ ብቻ ሳይሆን የብራውዘሩን ካሽ ስለሚያጸዳ መጨረሻ ላይ እንጂ መጀመሪያ ላይ አይሞከርም።

ኤፍ5ን ሳያቋርጡ መጫን ግን ምክር አይደለም። እያንዳንዱ ጭነት በመምጣት ላይ ያለውን ገጽ አቋርጦ ከዜሮ ያስጀምራል። ኔትወርኩ ገጹን በ20 ሰከንድ የሚያወርድ ከሆነና እናንተ በየ5 ሰከንዱ ከተጫናችሁ ገጹ መቼም አያልቅም። ሰርቨሩ ደግሞ የተቋረጠውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሠርቶ ይጨርሰዋል፤ ለማንም የማይደርስ መልስ እያዘጋጀ ይደክማል። ውጤት በሚለቀቅበት ቀን ይህን የሚያደርገው ብዙ ሺህ ሰው ነው። አንዳንድ ሰርቨር 429 የሚል መልስ ሰጥቶ፣ ማለትም «ጥያቄህ በዛ» ብሎ፣ ለጊዜው ይዘጋባችኋል። ከሁሉም የሚከፋው ፎርም ሞልታችሁ ከላካችሁ በኋላ ባለው ገጽ ላይ ኤፍ5 መጫን ነው። ብራውዘሩ «ፎርሙ እንደገና ይላክ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ ካላችሁ ምዝገባው ወይም ክፍያው ሁለት ጊዜ ሊላክ ይችላል። እዚያ ገጽ ላይ ሪፍሬሽ አይነካም፤ የገጹን አድራሻ በአዲስ ታብ መክፈት ይሻላል።

በነገራችን ላይ፣ የመለያ ቁጥር ሞልታችሁ «ውጤት አልተገኘም» የሚል ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ካሹ የለበትም። በፎርም ተልኮ የሚመጣ መልስ በተለመደው አሠራር አይቀመጥም፤ ያያችሁት ሰርቨሩ በዚያች ቅጽበት የሰጠውን ነው። እዚያ ላይ ካሽ ማጥፋት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ጽሑፉ ስለ ታብ ምንም አይልም፤ እኔ ግን ከካሹ ይልቅ ሰው የሚሳሳተው በእሱ ይመስለኛል። ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ ሄዳችሁ «ወደ ኋላ» ስትጫኑ ዘመናዊ ብራውዘሮች ገጹን እንደገና አይጭኑትም፤ እንደነበረ አቆይተውት ያንኑ ይመልሱታል። ስልክ ላይም ትናንት ተከፍቶ የቀረ ታብ ዛሬ ስትመለሱበት ትናንት እንደተዋችሁት ሊቆያችሁ ይችላል። የዚህ ፈውስ አንዲት ተራ ሪፍሬሽ ናት፤ አንድሮይድ ክሮም ላይ ገጹን ከላይ ወደ ታች መጎተት፣ ወይም ሦስቱን ነጥቦች ነክቶ ክቧን ቀስት መጫን።

ወደ ሁለተኛው፣ «ሁሉንም አጥፉ» ወደሚለው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው። የብራውዘር ታሪክ የጎበኛችኋቸው አድራሻዎች ዝርዝር ነው፤ ገጽ አይዝም። ኩኪ ማንነታችሁን ለድረ ገጹ የሚያስታውስ ምልክት ነው፤ እሱም ገጽ አይዝም። ሁለቱን ስታጠፉ የምታገኙት ከኢሜይል፣ ከትምህርት ቤቱ ሲስተምና ከሌላውም ሁሉ ወጥቶ እንደገና ፓስወርድ መፈለግ ነው። የተቀመጡትን ፋይሎች ብቻ ማጥፋት ይቻላል። አንድሮይድ ክሮም ላይ ሦስቱ ነጥቦች፣ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ዲሊት ብራውዚንግ ዳታ። እዚያ ዝርዝሩን ከፍታችሁ የሁሉንም ምልክት አንሡና «ካሽድ ኢሜጅስ ኤንድ ፋይልስ» ላይ ብቻ ተዉ፤ ጊዜውን «ኦል ታይም» አድርጉ። ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊት አንድ ላይ ሲጫኑ ይኸው መስኮት ይመጣል።

ይህም ቢሆን ዋጋ አለው። ካሹ ከጠፋ በኋላ የምትከፍቱት ድረ ገጽ ሁሉ ሎጎውን፣ ፊደሉን፣ ስክሪፕቱን ከባዶ ያወርዳል። ለምሳሌ በቀን 10 ድረ ገጽ የሚጎበኝ ሰው እያንዳንዱ 2 ሜጋባይት የተቀመጠ ነገር ቢኖረው፣ ጠራርጎ ባጠፋ ቁጥር 20 ሜጋባይት ለዚያው ነገር በድጋሚ ይከፍላል። በየሳምንቱ ሲሆን በፓኬጅ ለሚኖር ሰው ቀላል አይደለም። ዋይፋይ ላይ ያለ ሰው ላይሰማው ይችላል፤ ከመንዝ ተራራ ጥግ በሞባይል ዳታ ገጽ ለሚከፍት ግን ካሽ ማለት ብርም ጊዜም ነው። ቀልዱን ከተውነው ካሽ ጥሬ ብር የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ኩኪና ታሪክ ማጥፋት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የቀደመው ደንበኛ ኢሜይል ለቀጣዩ ክፍት ሆኖ እንዳይቆይ ነው። እዚያው ላይ ጽሑፉ ያላሰበው አንድ ጉዳይ አለ። ብዙ ኢንተርኔት ቤትና የኮምፒውተር ላብ «ዲፕ ፍሪዝ» ይጭናሉ፤ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ዲስኩ ወደ ታሰረበት ቀን ይመለሳል። ጠዋት ያጠፋችሁት ካሽ ከሰዓት ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ተመልሶ ይመጣል። ጊዜው ያለፈ ቅጂ ስለሚጠየቅ ብዙ አይጎዳም፤ ለአንድ ዓመት እንዲቆይ የተፈቀደለት ፋይል ግን ያው አሮጌው ሆኖ ይቀጥላል። መፍትሔው ደንበኛው ዘንድ አይደለም። ባለቤቱ እስሩን ፈቶ፣ ካሹን አጽድቶ፣ እንደገና ማሰር አለበት።

አሁን ወደ ሰርቪስ ወርከር፤ «ሠርቶልኛል» ያሉት ሰዎች ምስጢር እዚህ ይመስለኛል። አንዳንድ ድረ ገጾች ኔትወርክ ሲጠፋም እንዲከፈቱ ይህን ፕሮግራም ብራውዘሩ ላይ ያስቀምጣሉ። በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው፤ ጥያቄው ወደ ሰርቨሩ ከመሄዱ በፊት ተቀብሎ ከራሱ ማኅደር ይመልሳል። ማኅደሩ ከተራው ካሽ የተለየ ነው። ስለዚህ ካሽድ ፋይልስን ብቻ ብታጠፉ ዘበኛው ከነማኅደሩ ይቀራል። ኩኪና የሳይት ዳታን ስታጠፉ ግን አብሮ ይሄዳል፤ «ሁሉንም አጥፉ» የሚለው ምክር አንዳንዴ የሚሠራው ለዚህ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ በጠንካራ ሪፍሬሽ አዲሱ ገጽ ይመጣል፣ በሌላ ጊዜ በተራ መንገድ ስትከፍቱት አሮጌው ተመልሶ ይመጣል። ጠንካራው ሪፍሬሽ ዘበኛውን ለዚያች አንድ ጊዜ ብቻ አልፎት ስለሚሄድ ነው።

ለዚህ ሁሉን ማጥፋት አያስፈልግም። መጀመሪያ የዚያን ድረ ገጽ ታቦች በሙሉ ዝጉ። አዲስ ሰርቪስ ወርከር ወርዶ እንኳ፣ በተለመደው አሠራር፣ አሮጌው የሚቆጣጠራቸው ታቦች እስኪዘጉ ድረስ ተራ ይጠብቃል፤ አንድ የተረሳ ታብ ሁሉንም ያስጠብቃል። ስልክ ላይ ከብራውዘሩ መውጣት ታብ መዝጋት አይደለም፤ የታቦቹን ዝርዝር ከፍቶ አንድ በአንድ መዝጋት ነው። ካልሆነ፣ ከአድራሻው በስተግራ ያለችውን ምልክት ነክቶ የዚያን ሳይት ዳታ ብቻ ማጥፋት። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ኤፍ12፣ «አፕሊኬሽን»፣ «ሰርቪስ ወርከርስ»፣ «አንሬጂስተር»። የሌሎቹ ድረ ገጾች ፓስወርድም ፋይልም አይነካም።

ስለ ኢንኮግኒቶ ብዙ የሚባል የለም። የራሱ ባዶ ጎተራ ይዞ ስለሚነሣ ጥሩ መሞከሪያ ነው፤ በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ነገር ግን ባዶ የሚሆነው ቀድሞ የተከፈቱት የኢንኮግኒቶ ታቦች ሁሉ ከተዘጉ ብቻ ነው። አንዱ ክፍት ከቆየ አዲሱ ከእሱ ጎተራ ይካፈላል። በመንገድ ያለውንና ምንጩ ላይ ያለውን ቅጂ ደግሞ ጨርሶ አይነካም።

አራተኛው ነጥብ ሰው ቶሎ የሚያምነው ነው፤ ኔትወርክ አቅራቢን መውቀስ ቀላል ነውና። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የሚከፈተው በኤችቲቲፒኤስ ነው። ገጹ ከሰርቨሩ እስከ ብራውዘሩ ድረስ ተመስጥሮ ይጓዛል፤ መሐል ያለው አቅራቢ የየትኛው ድረ ገጽ እንደሆነ ሊያውቅ ይችል ይሆናል እንጂ ውስጡን አያነብም። ያላነበበውን አስቀምጦ ለሌላ ሰው ሊያድል አይችልም። ቪፒኤን ከፍተው አዲሱን ያዩ ሰዎች የሉም አልልም። ትላልቅ ድረ ገጾች ቅጂያቸውን በተለያየ አገር ባሉ አማካይ ሰርቨሮች ያስቀምጣሉ፤ ቪፒኤኑ ወደ ሌላኛው ሰርቨር ሲወስዳችሁ እዚያ ያለው ቅጂ አዲስ ሊሆን ይችላል። ያን አማካይ የቀጠረው ግን የድረ ገጹ ባለቤት ነው። ብዙዎቹም ከብራውዘር የሚመጣውን «ኖ-ካሽ» ስለማይሰሙ ጠንካራ ሪፍሬሽ አይበግራቸውም፤ ባለቤቱ ከመቆጣጠሪያው ገብቶ ቅጂውን እስኪያስጠፋ፣ ወይም ጊዜው እስኪያልቅ መጠበቅ ነው።

ጸሐፊው ያልጠቀሱት፣ ክርክራቸውን የሚረዳ አንድ አጋጣሚም አለ፤ ኦፔራ ሚኒ የሚባለው የስልክ ብራውዘር። ከፍተኛ ዳታ ቆጣቢው ሲበራ ገጹን የሚያወርደው ስልኩ ሳይሆን የኦፔራ ሰርቨር ነው፤ ጨምቆ ለስልኩ ይልካል። እዚያ በእርግጥ መሐል ላይ አንባቢ አለ። ውጤት ወይም ምደባ ስትጠብቁ ቆጣቢውን አጥፉት፣ ወይም በክሮም ክፈቱት። ዲኤንኤስም የሚጠቅምበት አንድ ጊዜ አለ፦ ድረ ገጹ ወደ አዲስ ሰርቨር ሲዛወር። ዲኤንኤስ ገጽ አይዝም፤ የሰርቨሩን አድራሻ ቁጥር ብቻ ነው የሚናገረው። የድሮው ቁጥር እንዲቆይ የተፈቀደለት 86400 ሰከንድ ከሆነ ለአንድ ቀን ያህል ወደ አሮጌው ሰርቨር ልትሄዱ ትችላላችሁ። ከዚያ ውጭ ዲኤንኤስ መቀየር ለአሮጌ ገጽ ምንም አያደርግም።

ከመሐል አማካይ ሰርቨር መኖሩን ማወቅ ይቻላል። ኤፍ12፣ «ኔትወርክ»፣ ሪፍሬሽ፣ ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን መስመር መንካት፣ «ሄደርስ» (ሰርቨሩ ከገጹ ጋር የሚልካቸው ራስጌዎች)። «ኤጅ» (Age፣ ዕድሜ ማለት ነው፤ ብራውዘሩ አይደለም) የሚል መስመር ካለ ቅጂው በአማካዩ ዘንድ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ይናገራል፤ 5400 ካለ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። «ላስት ሞዲፋይድ» የሚለው ደግሞ ምንጩ ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠበት ነው። ሰዓቱ የግሪኒች ስለሆነ ሰው ይደናገራል። የእኛን የቀን ሰዓት ለማግኘት ከግሪኒቹ ላይ 3 ቀንሱ፤ 06:00 የሚለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፣ 09:00 የሚለው ቀትር 6 ሰዓት ነው። ማስታወቂያው 4 ሰዓት ላይ ወጣ ተብሎ ይህ መስመር ትናንትን ካሳየ ያያችሁት በእርግጥ አሮጌ ቅጂ ነው። የዛሬ 4 ሰዓትን ካሳየ ደግሞ ገጹ አዲስ ነው፤ የፈለጋችሁት ነገር ገና አልተለጠፈም ማለት ነው።

ከሰዓት ሳንወጣ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ የተሳሳተ ቀን ይዞ ከሆነ ካሹ ይምታታል፤ ቅጂው አልፎበት ሳለ ገና ትኩስ ይመስለዋል። የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀበት ኮምፒውተር ኤሌክትሪክ በጠፋ ቁጥር ወደ ድሮ ዓመት ይመለሳል። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰውም እንደዚሁ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይጥለዋል። ብዙውን ጊዜ ኤችቲቲፒኤስ ቀድሞ እንቢ ስለሚል፣ ክሮም «ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ያን ሲያዩ ካሽ ማጥፋት ሳይሆን ቀኑን ማስተካከል ነው።

የጥያቄ ምልክትና ቁጥር መጨመር ከስድስቱ ምክሮች የምወደው ነው። አድራሻው ሲለወጥ ብራውዘሩ አዲስ ገጽ ይመስለዋል፤ ጎተራ ውስጥ ስለሌለ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል። ስልክ ላይ ጠንካራ ሪፍሬሽ ስለሌለ ከሁሉ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ግን «የትኛውንም ገጽ» አያድስም። የሚያድሰው ያንን ገጽ ብቻ ነው፤ በውስጡ ያሉት ሥዕሎችና ፋይሎች የራሳቸው አድራሻ ስላላቸው አይነካቸውም። አንዳንድ አማካይ ሰርቨር ከጥያቄ ምልክት በኋላ ያለውን እንዳያይ ተደርጎ ይዘጋጃል፤ ያን ጊዜ ያው አሮጌው ይመጣል። አድራሻው ላይ ቀድሞ የጥያቄ ምልክት ካለ ሁለተኛ አይጨመርም፤ የ«እና» ምልክቷ፣ ኪቦርድ ላይ ከ7 ጋር ያለችው፣ ትግባ። የመሰላል ምልክት (#) ካለ ደግሞ ከእሱ በፊት ይጻፍ፤ ከእሱ በኋላ ያለው ወደ ሰርቨሩ አይላክምና።

ስድስተኛው ምክር ለባለቤቶች ስለሆነ ጉዳቱ ይሰፋል። የሜታ መስመሯን ዘመናዊ ብራውዘሮች ለካሽ ጉዳይ አያዩአትም። የሚሰሙት ሰርቨሩ ከገጹ ጋር የሚልከውን፣ «ካሽ-ኮንትሮል» የሚባለውን ራስጌ ነው። «ኖ-ካሽ» ማለትም አታስቀምጥ ማለት አይደለም። አስቀምጥ፣ ነገር ግን ሳትጠይቀኝ አታቅርብ ማለት ነው። አታስቀምጥ የሚለው «ኖ-ስቶር» ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ደግ አልሠሩም፤ ጸሐፊው ቢሳሳቱ አይፈረድባቸውም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ኖ-ካሽ ሲሆን ያልተለወጠ ገጽ በ304 ብቻ ያልፋል፤ ኖ-ስቶር ሲሆን ሙሉው በየጊዜው ይወርዳል። ኖ-ስቶር ለግል ውጤትና ለሒሳብ ገጽ ይሁን፤ ለማስታወቂያ ገጽ ኖ-ካሽ ይበቃል።

ምንም ራስጌ ያልላከ ሰርቨር ምን ይሆናል? ብራውዘሩ ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የካሽ ደንብ፣ ቁጥሩ 9111፣ ይህን ይፈቅዳል፤ የተለመደው ግምትም ገጹ ከተለወጠ ወዲህ ያለፈው ጊዜ 10 በመቶ ነው። ለ30 ቀን ያልተነካ የትምህርት ቤት ገጽ ዛሬ ብትከፍቱ ብራውዘሩ ለ3 ቀን ሳይጠይቅ ሊያቀርበው ይችላል። ለ100 ቀን ያልተነካ ከሆነ 10 ቀን። ክረምቱን ሙሉ ተኝቶ መስከረም ላይ በድንገት የሚለወጥ የምዝገባ ገጽ ከሁሉ ይበልጥ አሮጌ ሆኖ የሚታየው በዚህ ስሌት ነው፤ ገጹ ብዙ በቆየ ቁጥር ብራውዘሩ ይበልጥ ያምነዋል።

ስለዚህ ባለቤቱ ለገጾቹ ኖ-ካሽ ይላክ። ለሥዕል፣ ለመልክ ፋይልና ለስክሪፕት ደግሞ «ማክስ-ኤጅ» 31536000፣ ማለትም አንድ ዓመት፣ ይስጥ፤ ፋይሉ ሲለወጥ ስሙንም ይለውጥ። ገጹ ትኩስ ነው፣ ከባዱ ፋይል ግን በየቀኑ አይወርድም። ዎርድፕረስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም) ላይ የካሽ ፕለጊን፣ ማለትም ገጾችን የሚያስቀምጥ ተጨማሪ ፕሮግራም፣ የጫነ ሰው አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል። ብዙዎቹ ፕለጊኖች ለገባ አስተዳዳሪ ትኩሱን፣ ለሌላው ጎብኚ የተቀመጠውን ያሳያሉ። ባለቤቱ «እኔ ጋ ይታያል» እያለ ተማሪው «የለም» ሲል ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የፕለጊኑን ማጽጃ ተጭኖ፣ ከአካውንት ወጥቶ ማየት ነው።

ፒዲኤፍ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቢሮው በዚያው ስም አዲስ ፋይል ሲጭን ተማሪው ሊንኩን ነክቶ ያወርዳል፤ ስልኩም ቀድሞ የወረደ ስላለ በአዲሱ ስም መጨረሻ ላይ በቅንፍ 1 ይጨምራል። ተማሪው ግን «ዳውንሎድስ» ውስጥ ገብቶ ያለ ቅንፍ ያለውን፣ የዓምናውን ይከፍታል። ይህን የትኛውም ሪፍሬሽ አያድነውም። በቀን መደርደርና ከላይ ያለውን መክፈት ነው፤ ቢሮው ደግሞ የፋይሉን ስም ከነቀኑ ቢያወጣ ከምንጩ ይደርቃል።

ቴሌግራም ላይ ሊንክ ሲለጠፍ ከሥሩ የሚወጣው ትንሽ ካርድም ከእነዚህ አይቆጠርም። እሱን የሚያስቀምጠው ቴሌግራም በራሱ ሰርቨር ላይ ነው፤ ገጹ ቢለወጥም ካርዱ የድሮውን ርዕስና ሥዕል ይዞ ይቆያል። ሊንኩን «ዌብፔጅ ቦት» ለሚባለው የቴሌግራም ቦት መላክ ካርዱን ያሳድሰዋል። ካርዱን አይቶ «ገና አልተለወጠም» የሚል ሰው ገጹን ከፍቶ አላየውም።